እስከ ጫፉ የሚደርስ ውሃ

መስከረም 20

ለቀጭኑ ሰፊዬ፣

«እንዴት ነሽ?» አትበለኝ፤ እኔም «ደህና ነኝ» አልልህም። እሱንማ በስልክ ተባብለን ጠገብን። አንተ «ደህና ነኝ» ትላለህ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ሁለታችንም ጉሮሯችንን እንጠርጋለን፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። በደብዳቤ እንነጋገር ያልከው እውነትህን ነው። ወረቀት ላይ ቢያንስ ጉሮሮ አይጠረግም።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስ። አልጋዬ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ እንደተመኘሁት። እበላለሁ። የሰፋህልኝ ቱታ አልጠበበኝም፤ እንዲያውም የጎኑን ኪስ አይተው አብረውኝ የሚያድሩት ሴቶች «ማን ሰፋልሽ?» አሉኝ። «ባሌ» ስላቸው ሳቁብኝ። አንዷማ «ደሞ ባል ቱታ ይሰፋል?» አለችኝ። የኔ ይሰፋል አልኳት። የጡረተኛው ዘበኛ ኮትና የሚጮኸው በራችንስ እንዴት ሆኑ?

«ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው?» ላልከኝ ደግሞ፣ ፑንታ ሰብሬ ነው። አዎ፣ እኔ! በቶርኖ ቤት ዕድሜዋን የፈጀችው ሚስትህ፣ በመጣች በሳምንቷ ብረት መሰርሰሪያ ሰበረች። እሱም ተራ ፑንታ እንዳይመስልህ። እዚህ የምንሠራው የከባድ ማንሻ ማሽኖች ዘይት የሚመላለስበት የብረት ብሎክ ነው፤ ጡብ የሚያህል ብረት፣ ሆዱ ሁሉ ቀዳዳ። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ስፋቱ እርሳስ ቢያህል ነው፣ ጥልቀቱ ግን ስንዝር ያልፋል። ለእሱ የሚሆነው ፑንታ ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ እንዳንተው። መሀሉም ከላይ እስከ ታች ጸጉር በሚያካክሉ ቀዳዳዎች የተበሳ ነው። ማቀዝቀዣው ውሃ ከውጭ በቱቦ አይረጭም፤ ፑንታውን ይዞ በሚሽከረከረው ስፒንድል መሀል ገብቶ፣ በፑንታው ሆድ ወርዶ፣ ጫፉ ላይ በኃይል ይወጣል። ጫፉን ያቀዘቅዛል፣ የብረቱን ፍቅፋቂም ከጉድጓዱ እየገፋ ያወጣዋል።

እና ምን ሆንኩ መሰለህ? በድሮው ቶርኖ ቤት እንዴት እንደምሰረስር አይተሃል። ትንሽ ገባ፣ መልሶ ወጣ፣ ፍቅፋቂውን በብሩሽ ጠረግ፣ ዘይት ጠብ፣ ዓይኔ አይቶ ሲረጋጋ እንደገና ገባ። እዚህ ያ ነውር ነው። ፑንታው አንዴ ከገባ ሳይወጣ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እኔ ደግሞ የማሽኑ በር ተዘግቶ፣ ወተት የመሰለው ማቀዝቀዣ ውሃ መስታወቱን ሲሸፍነው ምንም አይታየኝም። ማሽኑን የምታቆም አንዲት ቁልፍ አለች፤ እጄ ከእሷ ላይ አይነሳም። አቆምኩት፣ ፑንታውን አወጣሁት፣ አየሁት፣ ደህና ነው። መልሼ ሳስገባው፣ ቅድም ሳወጣው የተንጠባጠበው ፍቅፋቂ ታች ጠብቆት ኖሮ፣ ቀጭ!

የሙከራ ጊዜዬ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ያኔ አንድ ብሎክ ከጥሬ ብረቱ ጀምሬ ለብቻዬ እንድጨርስ ይሰጠኛል፤ ያቺ ረጅም ቀዳዳ የመጨረሻዋ ሥራ ናት። ከወጣችልኝ ቋሚ እሆናለሁ፣ ከፋብሪካው ጀርባ ካሉት ቤቶች አንዱ ይሰጠናል፣ አንተም ስፌት መኪናህን ጭነህ ትመጣለህ። ካልወጣችልኝ እመለሳለሁ፤ ቶርኖ ቤቱ ተዘግቷልና መመለሴ ወደ ባዶ እጅ ነው። ካሁን በኋላ እንደ ልጃገረድና እንደ ወንደላጤ ተለያይተን መኖር ደግሞ እኔ አልችልም፤ አንተን አላውቅም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገና ሳንተዋወቅ ቀሚስ ላሰፋ ሱቅህ የመጣሁ ዕለት የትከሻዬን ልክ ለምን ነበር ደጋግመህ የወሰድከው? ስንት ዓመት ስጠይቅህ ትስቃለህ። እዚህ መስኮት ስር ስተኛ ትዝ አለኝ። በወረቀት እንኳ መልስልኝ።

ያንተዋ

ጥቅምት 1

ለእሜቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶ ተነበበ። ስለ ፑንታሽ ኀዘኔ ጥልቅ ነው፤ እኔም የእጅጌ ኀዘን ስላለብኝ አብረን እንቀመጥ።

ለጡረተኛው ዘበኛ የሰፋሁት ኮት እንዴት ሆነ ላልሽኝ፣ ኮቱስ ሸጋ ሆኖ ነበር፤ ብቻ ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆነ። አትሳቂ። ሰውዬው ለብሶት መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ «ቀኝ እጄ ወደ ኋላ የሚሄደው ለምንድን ነው?» አለኝ። እኔም ኮራ ብዬ «ፋሽኑ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁለት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጉድ ሠርቼ አላውቅም፤ ያው አንቺ ስለሌለሽ ሐሳቤ እዚህና እዚያ እያለ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ አሁን አይጮህም፤ ስለማይጮህም አንቺ የመጣሽ እየመሰለኝ ዞር አልልም። ይሄ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።

ያቺን ቁልፍ በተመለከተ፣ እጅሽ ሥራ ሲፈታ ሁልጊዜ የማይነካውን ይነካል። ድስት መክደኛ የምትከፍቺው ነገርስ? «በሰለ?» እያልሽ ስንቱን እንፋሎት አስወጥተሻል! አንድ ነገር አስይዢው።

ስለኔ አታስቢ፤ እኔ እንደ ድንጋይ ነኝ።

ሰፊሽ

ጥቅምት 15

ለቀጭኑ ሰፊዬ፣

የላክህልኝ ካልሲዎች ደርሰውኛል። ካልሲው ውስጥ የሸጎጥካትን ቁራጭ ወረቀትም አንብቤያታለሁ። «ያ የመሀል ውሃ እንዲህ ጎበዝ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ አትከፍቺውም?» ነው ያልከው። ጋሽ ቆይ ፊት ይህን ብትጠይቅ ወንበር ስበው ይቀመጡልህ ነበር። ጋሽ ቆይ ፎርማናችን ናቸው፤ ስማቸውን ያወጣንላቸው ከሁለት ቃል አንዱ «ቆይ!» ስለሆነ ነው። ማሽን ልታስነሳ ስትል «ቆይ! ግፊቱ ይሙላ»፣ ብረት በመያዣው ሞርሳ ልታስር ስትል «ቆይ! ሞርሳው ተጠርጓል?»፣ ምሳ ልትወጣ ስትል እንኳ «ቆይ!»

እሳቸው ያሉኝን እነሆ። የቀዳዳዋ ጥልቀት ከስፋቷ ብዙ እጥፍ ሲሆን የመሀሉን ውሃ ትከፍታለህ። ምክንያቱም ከውጭ የምትረጨው የጉድጓዱ አፍ ላይ ተረጭቶ ይመለሳል፤ ላዩ ይርሳል፣ ጫፉ ግን ታች ብቻውን ይቃጠላል። ጥልቀት የሌላት ቀዳዳ ከሆነች የውጩ ይበቃታል፤ የመሀሉን መክፈት ፓምፑን ማልፋት ነው። ብረቱ ጊዛ፣ ያ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስሰው ተሰባሪ ብረት፣ ሲሆን ደግሞ ብናኙ እንደ ዱቄት ነውና ከውሃው ጋር ጭቃ ሆኖ የማሽኑን ማጣሪያ ይደፍናል፤ ለእሱ ብዙ ጊዜ አየር መንፋት ይሻላል። እየነካ እየለቀቀ የሚልጠውን ጠንካራ ቢላም ውሃ አታጠጣውም፤ ሲግል ሲቀዘቅዝ እንደ ትኩስ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ሆዱ ያልተበሳ ፑንታ አስረህ ብትከፍተው ደግሞ ውሃው መውጫ ያጣል፤ ያኔ ጋሽ ቆይ «ቆይ» ማለት ትተው የሚሉትን እኔ አልጽፍልህም።

ይህን ሁሉ አውቄ ታዲያ ምን አደረግኩ? እንደገና አወጣሁትና እንደገና ሰበርኩት። የመሣሪያ ዕቃ ቤቷ ጠባቂ አዲስ ፑንታ ስትሰጠኝ ቀድሞ «እንኪ» ትል ነበር፤ አሁን ጠረጴዛው ላይ ብቻ ታኖርልኛለች። ጋሽ ቆይ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ማየት ስላልቻልሽ ነው የምትፈሪው» አሉኝ። «ውሃው ታች እየደረሰልሽ እንደሆነ እመኚ። አንዴ ከገባሽ ግማሽ መንገድ ላይ አይወጣም።» ቆዩ እባክዎ ልላቸው ነበር፤ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። የእጅ ጽሕፈትህ ለምንድን ነው እንዲህ የተለቀው? አንዷ ፊደል የሁለትን ቦታ ይዛ፣ መስመሩም ቁልቁል ወርዶ ወርዶ ከወረቀቱ ሊወድቅ ነው። አንተ እኮ የሱሪ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በዓይንህ ብቻ የምታሰምር ሰው ነህ። መድኃኒቱንስ በጊዜው እየወሰድክ ነው ወይ?

ደግሞም የመጨረሻዋን ጥያቄዬን ዘለልካት። ለድስት መክደኛ መልስ አለህ፣ ለትከሻዬ የለህም? ሌላም ልጨምርልህ፤ ካውያ ስትተኩስ አሁንም ታንጎራጉራለህ? እዚህ ማሽኖቹ ሲዘጉ የሚመጣው ጸጥታ ደስ አይለኝም። ያቺን ዜማ በአፍንጫዬ ሞከርኳትና አብረውኝ የሚያድሩት ሴቶች «አሞሻል?» አሉኝ። ናፍቀኸኛል፤ በግልጽ ልበልህ፣ እጅግ ናፍቀኸኛል።

ያንተዋ

ጥቅምት 27

ለእሜቴ፣

ወይ አንቺ! ሰው ወፍራም እስክሪብቶ ከገዛ ወፍራም ይጽፋል፤ ይኸው ነው ጉዱ። መስመሩም ቁልቁል የሚሄደው ጠረጴዛው አንድ እግሩ ስላጠረ ነው፤ አስተካክለዋለሁ።

ደግሞ የምን የመጨረሻ ጥያቄ ነው የዘለልኩት? ስለ ኮቱ መለስኩ፣ ስለ በሩ መለስኩ። ፎርማንሽን ወድጃቸዋለሁ። «ግማሽ መንገድ ላይ አይወጣም» ያሉትን ነገር ለራሴም ይዤዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

መድኃኒቱን በጊዜው እየወሰድክ ነው ወይ ላልሽኝ፣ የጨጓራውን እየወሰድኩ ነው። ሥራ አለ፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም መጥቷል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ጎረቤታችን እትዬ ሹራብ ሰላም ብለውሻል። ጠዋት ጠዋት ለመርፌዬ ክር ሊያስገቡልኝ ሲመጡ ስላንቺ ሳይጠይቁኝ አይውሉም፤ ላንቺም ግራጫ ሹራብ ጀምረውልሻል። አንገቱ ላይ ጠበብ ይበል ወይስ ሰፋ ይበል ብለው ጠይቀዋል።

በርቺ። እኔ እንደ ድንጋይ ነኝ።

ሰፊሽ

ኅዳር 6

ሰላምታ የለም።

ከመቼ ወዲህ ነው ላንተ ክር የሚገባልህ?

አንተ እኮ መብራት ጠፍቶ ክር ስታስገባ አይቼሃለሁ። ፊቴ ቆመህ፣ እያወራኸኝ፣ መርፌውን ሳታይ! አሁን እትዬ ሹራብ፣ እሳቸው ራሳቸው መነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር የሚደርቡት ሴት፣ ላንተ ክር ያስገባሉ? ሁለት የግራ እጅጌ። የወደቀው መስመር። «ደርሶ ተነበበ።» ማን ነው ያነበበው? እኔ ሞኝ ደግሞ «ተነበበ»ን እንደ ወግ ቆጥሬ ሳቅኩ።

ጋሽ ቆይን «ፈቃድ እፈልጋለሁ» አልኳቸው። በሙከራ ጊዜ ፈቃድ የለም፤ የሄደች ሄደች ነው አሉኝ፤ እያዘኑ ነው ያሉኝ። ከዚያ «ቆይ» አሉኝ። «መልሱ ይምጣና ትወስኛለሽ።» እሺ አልኩ። መልስህ እስኪመጣ ብቻ ነው። ሻንጣዬ አልጋዬ ላይ ነው።

እውነቱን ጻፍ። ድንጋይ ነኝ ያልከኝ እንደሆነ ግን በራስህ ፈረድክ።

ኅዳር 13

ለእሜቴ፣

እሺ። ያዝሽኝ።

ዓይኔ ነው። የዓይን ሞራ ነው አሉኝ፤ ሁለቱንም ጋርዶታል፣ ይብሱን የቀኙን። ከክረምት በፊት ጀምሮ ጭጋግ ጭጋግ ይለኝ ነበር፤ አንቺ ስትሄጂ ጀርባሽን እስከ መታጠፊያው ማየት አቅቶኝ እጄን ዝም ብዬ አውለበለብኩ። እንዳይታወቅብኝ ነበር በስልክ ቶሎ የምዘጋው። ደብዳቤሽን የሚያነቡልኝ እትዬ ሹራብ ናቸው፤ መልሱን እኔው በወፍራሙ እስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ እሱስ የእጄ ልማድ ነው።

ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ ለብዙ ሰው ተነሥቶለታል አለኝ። መጀመሪያ የቀኙን ነው። ቀኑም ተቆርጧል፤ አንቺ የመጨረሻውን ብሎክ በምትሠሪበት ሳምንት ላይ ወደቀ። ይለወጥልኝ ብል ወረፋው ሩቅ ነው፤ አላልኩም።

ለምን አልነገርከኝም ትያለሽ። ብነግርሽ ትመጫለሽ፤ ለዚህ ነው። አንቺን አውቅሽ የለ? በሩን በርግደሽ «የታለ?» ብለሽ ትገቢ ነበር። ያ ሁሉ ልፋትሽ፣ ቤቱ፣ አብረን መኖራችን፣ ሁሉም ግማሽ መንገድ ላይ ይሰበር ነበር። ራስሽ አይደለሽ የጻፍሽልኝ? አንዴ ከተገባ አይወጣም። በል ብዬ ዝም አልኩ። አትምጪ፤ ለምኜሻለሁ። አንቺ ብሎክሽን ሥሪ፣ እኔ ዓይኔን ላሠራ፣ ከዚያ እንገናኛለን።

ተቆጥተሽ እንደሆነ ቁጭ ብለሽ ተቆጪ፤ ብቻ ሻንጣውን ከአልጋው አውርጂው፤ ወገብሽን ያምሻል።

ሰፊሽ

ኅዳር 20

ለቀጭኑ ሰፊዬ፣

አለቀስኩ፤ ከዚያ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። አልጋዋ ከኔ ቀጥሎ ያለችው ልጅ ውሃ አመጣችልኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ በእስክሪብቶህ ስቀልድ ከረምኩ! አንተ ጀርባዬን ሳታይ እጅህን ስታውለበልብ፣ እኔ መታጠፊያው ላይ ዞሬ ሳይህ «ዛሬስ እንዴት ረጅም ጊዜ አውለበለበ!» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።

አሁን ስማኝ። የጋሽ ቆይን ነገር ግማሹን ነው የያዝከው። ፑንታው ግማሽ መንገድ ላይ የማይወጣው ጀግና ስለሆነ አይደለም፤ ውሃው ጫፉ ድረስ ስለሚደርስለት ነው። ውሃውን ዘግተህ «አትውጣ» ብትለው ያው እዚያው ይቃጠላል። አንተ ያደረግከው እንደዚያ ነው፤ «እንደ ድንጋይ ነኝ» እያልክ አፉ ላይ ረጨህልኝ፣ ታች ግን አንዲት ጠብታ አልደረሰኝም። ጎረቤት አገር ለሚኖር ዘመድ «ደህና ነን» ይበቃዋል፤ እኔ ዘመድህ አይደለሁም፣ ሚስትህ ነኝ፣ ሩቅ ነኝ፣ ጨለማ ውስጥ ነኝ።

ስለዚህ እንዋዋል። እኔ አልመጣም። ሻንጣውን አውርጄዋለሁ። አንተ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ትጽፍልኛለህ፤ ሲያምህ አመመኝ፣ ስትፈራ ፈራሁ፣ ስትደናበር የት እንደተደናበርክ። ዓይንህ ከታሰረ እትዬ ሹራብ ይጽፉልሃል። «ደህና ነኝ» የምትል ቃል ባገኝ በዚያው ቀን ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ ብሎኩንም ተሸክሜ!

እትዬ ሹራብ፣ የልጅነት አክብሮቴን ያውቁታል፤ ይህንንም እባክዎ ሳያስቀሩ ያንብቡለት። አንተዬ፣ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ፊት ለፊትህ መገኘት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ግንባሬ ላይ ያለው ሽበት በዝቷል፤ ላንተ በጭጋግ ስላልታየህ ይሆናል ዝም ያልከው። ጥርት ብሎ ሲታይህ ትወደው ይሆን? የትከሻዬን ነገርም አልረሳሁም።

ያንተዋ

ታኅሣሥ 2

ለልጄ፣ ለማሽነኛዋ፣

የምጽፈው እኔ ጎረቤትሽ ነኝ፤ ባልሽ አጠገቤ ተቀምጦ እየተናገረ ነው። ሳይቀንሱ ይጻፉ ብሎኛልና ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

እንዲህ ይላል። እሜቴ፣ ፈርቻለሁ። ቀን ቀን አልፈራም፤ ሰው ይገባል ይወጣል። ምሽት ላይ ሱቁን ስዘጋ ነው የምፈራው። ባይሳካስ? መርፌ የማያይ ሰፊ ምን ይባላል? ትናንት ከበሩ ደፍ ጋር ተጋጭቼ ጉልበቴ ተልጧል፤ ትንሽ ነው። (ትንሽ አይደለም፣ አብጧል፤ እኔ አይቼዋለሁ።) የአንዷን ተማሪ ቀሚስ አበላሸሁባት፤ መቀስ ገባበት፤ ከራሴ ጨርቅ ተካሁላት። ምግብ አላምረኝ ብሏል፤ ካንቺ ወዲህ ድስት የሚከፍትብኝ ስለሌለ ይሆናል። ሌሊት እነቃለሁ። ስለ ሽበት የጠየቀ አለ?— (ይህን ያለው እኔ አንዲት ቃል አምልጣኝ ስላነበብኩለት ነው፤ ተዪው።)

ይህን ሁሉ ስናገር ይቅለለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ቀለለኝ፤ ደንቆኛል። የሰኞ ሳምንት ነው የሚሠራልኝ። እትዬ ሹራብ አብረውኝ ይሄዳሉ። አንቺ ያን ቀን ብሎኩ ላይ እንደምትሆኚ አውቃለሁ። እኔ ሐኪሙ እጅ ላይ ዝም ብዬ እተኛለሁ፤ አልንቀሳቀስም፤ አንቺም እጅሽን ከዚያች ቁልፍ ላይ አንሺ። ቱታሽ ላይ ኪስ የሰፋሁልሽ ለምን ይመስልሻል?

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ብሎ ነበር፤ እኔ አልጻፍኩትም። በእኔ ዕድሜ አይጻፍም። ሹራብሽ አልቋል፤ አንገቱን ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ታኅሣሥ 14

ለቀጭኑ ሰፊዬ፣

እትዬ ሹራብ ማክሰኞ ደውለው «ከቀዶ ሕክምናው ወጥቷል፤ ‹ያን ሰዓት ምን አደረግሽ?› ብሎሻል፤ ፋሻውን ሊፈቱለት ነው» ብለውኝ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የማውቀው ነገር የለም፤ ደጋግሜ ብደውል አይነሳም። እጽፍልሃለሁ፤ ማን እንደሚያነበው ሳላውቅ።

«ያን ሰዓት ምን አደረግሽ?» ብለህ በእሳቸው በኩል ያስጠየቅከኝን ልመልስ። መጀመሪያ ለረጅሙ ፑንታ መንገድ የምታሳየውን አጭር ቀዳዳ በአጭሩ ፑንታ አበጀሁ። ከዚያ ረጅሙን ቀስ አድርጌ አስገባሁት፤ ክፍት አየር ላይ በፍጥነት ካሽከረከሩት ይወላገዳልና። ከገባ በኋላ ውሃውን ከፈትኩ። ጋሽ ቆይ «ቆይ» አላሉም፤ እኔው ለራሴ «ቆይ» አልኩና ግፊቱ እስኪሞላ ጠበቅኩ። ከዚያ ፍጥነቱን ሰጠሁት። መስታወቱ ነጭ ሆነ። ምንም አይታይም። እጄ ወደ ቁልፏ ሄደ፤ ያዝኩትና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ውስጥ ደብዳቤህ ነበር፤ ጉልበትህ ያበጠበት፣ ሌሊት የምትነቃበት። ጨብጬው ቆምኩ። ያለህበትን ሁሉ ስለማውቅ ነው መቆም የቻልኩት፤ ይህን እወቅልኝ።

የቀረውን ዝርዝር በአፌ እነግርሃለሁ፤ ባጭሩ ግን እንዲህ ሆነ። የብሎኩ ሌላኛው ወገን ሲበሳ ውሃው መውጫ አግኝቶ ድምፁ ድንገት ተለወጠ፤ ጋሽ ቆይ በሩን ከፍተው ቀዳዳዋን ወደ መብራቱ አዙረው ባንድ ዓይናቸው አዩባት። ረጅም አዩ። ከዚያ ብሎኩን ሰጡኝና ሄዱ። የመሣሪያ ዕቃ ቤቷ ጠባቂ ናት ሮጣ መጥታ ያቀፈችኝ፤ «እንኪ» አለችኝ፣ ፑንታ ሳይሆን የቤት ቁልፍ ነው። ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ያለው መስኮት ትልቅ ነው፤ ስፌት መኪናህ እዚያ ስር ይገባል፤ ለክቼዋለሁ፣ አንዴ ብቻ።

ብርሃኑ ግን ለማን ነው እያልኩ እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር። ዓይንህ ባይሆንም ና። ክር እኔ አስገባልሃለሁ፤ ዕድሜ ልኬን አስገባልሃለሁ። ስለ ትከሻዬ መልስ መጠበቁንስ ትቼዋለሁ።

ከብሎኩ የወጣችውን አንዲት ጥምዝምዝ ፍቅፋቂ ወረቀቱ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ጠርዟ ይቆርጣል፤ ቀስ በል።

ያንተዋ

ታኅሣሥ 28

ለእሜቴ፣

ፊደሎቼን አየሻቸው? ትንንሽ ናቸው። መስመሩም ቀጥ ብሏል፤ ጠረጴዛው ግን እግሩ አሁንም እንዳጠረ ነው፤ ስለ እሱ እውነቴን ነበር።

የቀኙ ዓይኔ ያያል። የግራው ከሁለት ወር በኋላ ይሠራል፤ እስከዚያ አንድ ዓይና ባል አለሽ፤ በውላችን መሠረት ሁሉንም ልናገር፤ ጠብታው ያቃጥላል፣ ፀሐይ አልወድም፣ ጉልበቴም ገና ነው። ስልኩን እትዬ ሹራብ በድንጋጤ ባልዲ ውስጥ ጥለውት ነው ያልተነሳው። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት እሳቸውን ነው፤ እያለቀሱ ነበር፣ መነጽራቸውን ሁለቱንም አድርገው። ፍቅፋቂሽን መስኮቱ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ ጥምዝምዟን ቆጥሬ ልጨርስ አልቻልኩም፤ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲታይ ደስ ይላል።

ቤት ስገባ የሠራሁትን ልንገርሽ። ደብዳቤዎችሽን በሙሉ አወጣሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ ራሴ አነበብኳቸው። የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። እትዬ ሹራብ ዘንድ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፤ «ይሄን ለምን አላነበቡልኝም?» አልኳቸው። ሹራባቸውን እየሠሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የባልና ሚስት ነገር ሲጀምር እኔ እዚያ ላይ ‹ደህና ሁን› ብዬ አቆማለሁ» አሉኝ። «ሳያስቀሩ ያንብቡለት ብላ እኮ ለምናዎታለች!» ስላቸው «እሱንም አላነበብኩም» አሉ። ለካ ይህን ሁሉ ወር የጠየቅሽኝ አንዱም ሳይደርሰኝ ነው የቀረው! ስትነጫነጪብኝ «የምን ጥያቄ?» ያልኩሽ ባለማወቄ ነው እንጂ አልሸሸሁሽም።

አሁን ሁሉንም በአንዴ ልመልስ። አዎ፣ ስተኩስ አንጎራጉራለሁ፤ ያንቺ ክፍል ላይ ስደርስ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ሽበቱን ገና አላየሁትም፤ ሐሙስ አየዋለሁ፤ መኪናዬን ጭኜ ተሳፍሬ ሐሙስ ከሰዓት እዚያ ነኝ፤ በር ላይ ቆመሽ እጅሽን አውለብልቢ፣ እኔ ከሩቁ አይሻለሁ። ለክር ማስገባቱ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ራሴ አስገባሁት፣ በመጀመሪያው አልገባም፣ በሁለተኛው ገባ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንቺም ናፍቀሽኛል። እትዬ ሹራብ «በእኔ ዕድሜ አይጻፍም» ያሉት እሱን ነው።

ስለ ትከሻሽ ደግሞ፣ ልኩንማ ገና በመጀመሪያው ይዤው ነበር።

ሰፊሽ